ለልጄ ክኒን አትስጡብኝ

የልጅ ልጆቼ ከበቡኝና «ሳቭታ፣ የአጎታችንን ነገር አንቺው ንገሪን» አሉኝ፤ ሳቭታ በዕብራይስጥ አያት ማለት ነው። ከጎረቤት የሰሙት አለ፤ ከእኔ አፍ ግን አልሰሙም። ፊደል ስላልቆጠርሁ እኔ እናገራለሁ፣ ትልቋ ትጽፋለች። እግሬ ቤት እንደማይወድ ሁሉ ወሬዬም ቀጥ ብሎ መሄድ አይወድም፤ ታገሱኝ። ሰው የዋህ ይለኛል። በዚህ ነገር ግን የዋህ አይደለሁም፤ ንዴቱ እስከ ዛሬ አልወጣልኝም።

ወደዚህ አገር ከመጣን ከአሥር ዓመት በላይ ሆኖን ነበር። የመጨረሻው ልጄ፣ አጎታችሁ፣ አፉላ ከተማ ኢንዱስትሪ ቀጠና፣ አንድ መጋዘን ውስጥ ዕቃ ይጭናል። አንድ ቀን ከባድ ሳጥን ሲያወርድ ወገቡ ቀጭ አለ። የሠፈራችን ኩፓት ሆሊም፣ ጤና ጣቢያው ማለት ነው፣ ወሰድሁት፤ ሐኪሙ ብርቱ የሕመም ማስታገሻ አዘዘለት። ልጄ ቀና ብሎ ሄደ፣ እንቅልፍም ወሰደው። ሐኪሙን መረቅሁት።

ምርቃቴን መልሱልኝ።

ወገቡ ዳነ፣ ክኒኑ ግን አልቀረም። ሲያልቅ ይታዘዛል፣ ደግሞ ሲያልቅ ደግሞ ይታዘዛል። አብሬው ገብቼ አይቻለሁ፤ ሐኪሙ ዓይኑን ከኮምፒዩተሩ አላነሳም፣ ወገቡንም በእጁ አልነካም። በአገራችን ኮሶ ያጠጣህ ሰው እንኳ እስኪያሽርህ ድረስ አጠገብህ ይቀመጣል። የተማረው ሰው ግን አጠጥቶ ሄደ። ልጄ ማዕድ ላይ ያንቀላፋ ጀመር። ሥራ የሚወስደው አውቶቡስ እያመለጠው ቀረ። ሲያናግሩት ይቆጣል፣ ሳያናግሩት ያለቅሳል። ከዚያ ሐኪሙ ድንገት «ከእንግዲህ የለም» ብሎ አቋረጠው። ወዴት ሂድ አላለው፣ ምን ሁን አላለው። ያስለመደው እሱ፣ እንደ ሌባ ያባረረው እሱ።

ክኒኑ ግን ከልጄ ኪስ አልጠፋም። ከየት እንደሚያገኘው ብጠይቀው ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረብኝ።

አንድ ቀን ከገበያ ስመለስ፣ እንደ ልማዴ ዞር ዞር ልበል ብዬ በማዕከላዊ አውቶቡስ ጣቢያ በኩል አለፍሁ። አውቶቡስ የሚጠብቁ ወታደሮች መሐል፣ አግዳሚ ላይ ልጄ ተኝቷል። ከንፈሩ ጠቁሯል። አንዲት ወታደር ልጅ ትነቀንቀዋለች፣ አይነቃም። አምቡላንስ የጠራችው እሷ ናት። ሆስፒታል ነፍሱን መለሱልኝ። አንዲት ልጅ እግር ሐኪም አጠገቤ ተቀምጣ፣ እዚያ የምትሠራ የእኛው አገር ልጅ እየተረጎመችልኝ፣ ያለ ሐኪም ትእዛዝ ክኒን የሚያገኝ ከሆነ ሌላ ጊዜ ላይነቃ እንደሚችል ነገረችኝ። ሊታከም ሲወድ አምጪው፣ የሚያወጣው መንገድ አለ አለችኝ።

ልብሱን ሰጡኝ። ኪሱን ብፈትሽ ክኒኑ በነጭ ጨርቅ ቁራጭ ተቋጥሯል፣ ሁለት ጊዜ ተጠምዝዞ፣ ጫፉ ወደ ውስጥ ገብቶ። ፋርማሲ እንዲህ አይቋጥርም። የእኛ ሴቶች ቋጠሮ ነው።

ለካ ልጄ በየአሮጊቱ ቤት ይዞር ነበር። አምፖል ይቀይርላቸዋል፣ ዕቃ ይሸከምላቸዋል፣ ከዚያ «እትዬ፣ ወገቤን» ይላል። አንዷ ዳሌዋን በኦፕራሲዮን ተቀድዳለች፣ ሌላዋ ጉልበቷን፣ ክኒን በየቤቱ አለ። እኛ ዘንድ የታመመ ሰው ለምኖ ባዶ እጁን አይወጣም፤ ነውር ነው። በፍቅር ነው የሚገድሉብኝ!

እኅቴ ገበናሽን ሸፍኚ አለችኝ። በየቤቱ በሹክሹክታ ልጠይቅ ብል ማን እኔ ነኝ ይለኛል? ሳምንት ሳይሞላ የአንድ ሽማግሌ ልቅሶ ሆነ። ድንኳኑ ጢም ብሏል። ጸሎቱ እንዳበቃ ብድግ አልሁ።

«ለልጄ ክኒን አትስጡብኝ። ወገቡ ድኗል፤ አሁን በሽታው ክኒኑ ነው። የምትወዱት ከልክሉት።»

ከኋላ አንዷ፣ «ኧረ የሰው ልቅሶ ነው» አለች።

«አዎ» አልሁ። «የእኔን ልቅሶ እንዳትመጡ ብዬ ነው።»

በማግሥቱ ጎረቤታችን የሆኑ ትልቅ ሽማግሌ ሊገሥጹኝ መጡ። ሚስታቸውም አብራቸው መጣች፤ ከአንድ አውሮፕላን የወረድን ጓደኛዬ ናት። ጉልበቷን እያሸች፣ አንገቷን ደፍታ ተቀመጠች። እሳቸው ሐዘንተኞቹን ይቅርታ ጠይቂ አሉኝ፣ እሺ አልሁ፤ ሐዘን ነክቻለሁ። ቀጥለው ግን፣ «የልጅሽን ገበና አደባባይ ዘረገፍሽው። ከእንግዲህ ማን ልጁን ይሰጠዋል?» አሉኝ።

«አባባ፣ መጀመሪያ ይኑርልኝ» አልኋቸው። «ለሬሳ ሚስት አይፈለግም።»

ተቆጥተው ወጡ። ሚስታቸው በሩ ላይ ዘወር ብላ አየችኝ።

ልጄም ሰማ። ለብዙ ቀን ሳህኑን ገፍቶ ይወጣል። ግን በየሄደበት ሻይ ይሰጡታል፣ ይመርቁታል፣ ክኒን ግን የለም። አንድ ማለዳ ላብ አጥምቆት፣ እየተንቀጠቀጠ አጠገቤ ተቀመጠ።

«እማዬ፣ በሩን ሁሉ ዘጋሽብኝ።»

«አዎ፣ ዘጋሁ።»

«እንግዲያ ውሰጂኝ።»

ወሰድሁት። ያቺ ልጅ እግር ሐኪም ተቀበለችን። መከራው ብዙ ነበር፣ ወድቆም ተነሥቷል። ዛሬ ግን ሚስት አለው፣ ጠዋት ጠዋት ሥራ ይሄዳል። የሠፈሩ ሐኪም አንድ ቀን እንኳ ልጅሽ እንዴት ሆነ አላለኝም። ይኸው ነው የሚያቃጥለኝ። ሴቶቻችን አላወቁም ነበር፤ እሱ ግን ዐዋቂ ነው።

ከብዙ ዓመት በኋላ እኚያ ሊገሥጹኝ የመጡት ሽማግሌ አረፉ። ሚስታቸው፣ ጓደኛዬ፣ ያኔ ነው እጄን ይዛ የነገረችኝ። ልጄ በየቤቱ ክኒን በሚለምንበት በዚያ ክረምት ጉልበቷን ተቀድዳ ነበር፣ ብርቱ ክኒንም ታዞላት ነበር። ሦስተኛ ፎቅ ትኖራለች፣ ደረጃውን በቂጧ እየተንፏቀቀች ስትወርድ እኔው በዓይኔ አይቻታለሁ፤ መድኃኒቱ አልሠራላትም ብዬ ነበር። ለካ አንዷንም ክኒን አልዋጠችም፤ ሁሉንም በነጭ ጨርቅ እየቋጠረች ለልጄ ትሰጠው ነበር።