ስለ እህቴ የመለስኩት መልስ

ከሐረር የወጣሁት በጠራራ ፀሐይ ነው። ስደተኛ ሁሉ አወጣጡን ሲያወራ ጨለማና የውሻ ጩኸት ያስገባበታል፤ እኔን የሸኘኝ ግን የሸዋ በር ገበያ ግርግር፣ የሰንቡሳ ዘይት ሽታና «ድሬ! ድሬ! አንድ ሰው የቀረው!» የሚል የሚኒባስ ረዳት ነው። ቪዛዬ ኪሴ ውስጥ ነው። ሚስቴ ሰናይት ቀድማኝ ጀርመን ገብታ፣ አረጋውያን በሚጦሩበት ቤት ተቀጥራ እየሠራች ትጠብቀኛለች። ሰው ሁሉ እንኳን ደስ ያለህ ነው የሚለኝ።

ታላቅ እህቴ አስካለ መስኮቱ ሥር ቆማ ነበር። ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ትስላለች። እናታችን ከሞተች ጀምሮ ያሳደገችኝ እሷ ናት። አንድ ነገር ልላት ከጠዋት ጀምሮ እያሰብኩ፣ ሚኒባሱ ሲንቀሳቀስ ያልኳት «ፍሪጁን አስጠግኚው እሺ!» ነው። ይኸው ሁለት ዓመት አለፈኝ፤ ያን ቃል ባስታወስኩ ቁጥር ብቻዬን አፍራለሁ።

ምን ልላት እንደነበር እንድትረዱልኝ ስለ ቤታችን ልንገራችሁ። ከአባታችን የወረስናት አንዲት ክፍል መጠጥ ቤት ነበረችን፤ ስድስት ጠረጴዛ፣ አንድ ባንኮኒ፣ አንድ ቴሌቪዥን። እኔ ባንኮኒው ላይ እቆማለሁ፣ አስካለ ታስተናግዳለች። ኳስ ያለ ቀን ሰው ከሰው ጋር እስከማይተያይ ድረስ ይጨሳል። እኔ ሲጋራ ሲያንገሸግሸኝ በር ላይ ወጥቼ አየር እወስዳለሁ፤ ባለቤት ነኛ! እሷ ትሪ ይዛ መሀል ለመሀል ትመላለሳለች። አሥራ አምስት ዓመት እንደዚያ ነው የሠራችው።

ጎረቤታችን ሰፈሩ በሙሉ አው ዩሱፍ የሚላቸው ልብስ ሰፊ ነበሩ። መጠጥ ቤት አይገቡም፤ ከበሩ ቆመው ነው የሚያናግሩኝ።

«ስማ፣ የሙሽራ ልብስ ነው የምሰፋው። ጨርቄ ሁሉ ሲጋራ ሲጋራ ሸተተ።»

«መስኮት እዘጋለሁ፣ አው ዩሱፍ።»

«መስኮቱን ብትዘጋማ ጨርቄ ይድናል፣ እህትህ ግን ትታፈናለች። ወላሂ፣ እሷ እጅህ ላይ አማና ናት፣ አደራ። አላህ ይጠይቅሃል።»

«እሺ» እላቸዋለሁ። እሺ ማለት ምን ይከብዳል?

በኋላ ሕጉ መጣ። መጠጥ ቤትና ምግብ ቤት ውስጥ ማጨስ ተከለከለ ተባለና ባለቤቶች ለስብሰባ ተጠራን። ከሁሉም በላይ የጮህኩት እኔ ነኝ። «ሰው ቢራውን ያለ ሲጋራ አይጠጣም፤ በራችንን ዝጉ በሉንና እንረፈው!» አልኩ። ተጨበጨበልኝ። እስከዛሬ በሕይወቴ የተጨበጨበልኝ ያን ቀን ብቻ ነው።

ሰንበት ብሎ ሕጉን የምታስከብር ተቆጣጣሪ ቤታችን ድረስ መጣች። ቀጭን፣ ረጋ ያለች ልጅ ናት፤ ደብተሯን ይዛ ቁጭ አለች። እኔ ያንኑ የስብሰባ ንግግሬን ደገምኩላት። እስክጨርስ ሰማችኝና ዘወር ብላ አስካለን አየቻት። አስካለ ጠረጴዛ እየወለወለች ነበር።

«እርስዎስ፣ እናቴ? እዚህ የሚውሉት እርስዎ ነዎት። ምን ይላሉ?»

አስካለ ጨርቁን ይዛ ቀና አለች። አፏን ከፈተች። እኔ ግን ቀደምኳት።

«እሷማ ለምዳዋለች» አልኩ፤ ደግሞ ሳቅሁ።

አስካለ ወደ ጠረጴዛው ተመለሰች። ልጅቷ አንዳች ነገር ጻፈችና «ማጨስ ክልክል ነው» የሚለውን ወረቀት ሰጥታን ሄደች። ወረቀቱን ለጠፍኩት። መተርኮሻዎቹን ከባንኮኒው ሥር ደበቅሁና በቡና ስኒ ማስቀመጫ ተካኋቸው፤ ሰዉም አመዱን እዚያ ላይ ያራግፋል። ሕግ አከበርኩ ማለት ነው!

ሳሉ ሲብስባት ሐኪም ቤት ወሰድኳት። ሐኪሙ በቀን ስንት ሲጋራ እንደምታጨስ ሲጠይቃት እስክታነባ ሳቀች። «እኔ? በስመ አብ! ጨብጬውም አላውቅ!» ሐኪሙ ግን አልሳቀም። ከጭስ ካልራቀች ሳንባዋ እየደከመ እንደሚሄድ፣ የተጎዳው ደግሞ እንደማይመለስ ነገረን። በመንገድ ላይ «ከነገ ጀምሮ አንድም ሰው ቤታችን ውስጥ አያጨስም» አልኳት። በማግስቱ ትልቅ ኳስ ነበር። ከኳሱ በኋላ በዓል መጣ። ከበዓሉ በኋላ ቪዛዬ መጣ።

አሁን ያለሁት ሰሜን ጀርመን፣ አንድ የወደብ ከተማ ውስጥ ነው። ነፋሱ ከባሕር ተነስቶ አጥንት ድረስ ይገባል። የሐረር አየር ማለት ለካ በረከት ነበር፤ ሸሚዝ ለብሰህ ወጥተህ ሸሚዝ ለብሰህ የምትገባበት! ማንጎ በአንድ ፍሬ ይሸጣል፤ ቀምሼው እንጨት እንጨት አለኝ። ሰው ደረጃ ላይ ሲያገኝህ «ሃሎ» ብሎ ያልፋል እንጂ እንዴት አደርክ፣ ልጆቹስ፣ ከብቱስ የለም።

ቤት ስንፈልግ አከራዩ፣ «ፌርሚተር» ነው የሚሉት፣ ቆሞ እንደ ፖሊስ መረመረኝ።

«ያጨሳሉ?»

«አላጨስም።»

«ጥሩ። ሽንኩርት ያቁላላሉ?»

ሰናይትን አየኋት፤ በትክክል እንደሰማሁ በዓይኗ ነገረችኝ።

«ሽንኩርት ካላቁላላሁ ምን እበላለሁ?»

«ዳቦ አለ» አለኝ፣ ከልቡ እየመከረኝ።

በቀን ሁለት ጊዜ መስኮት እንድንከፍት ፈርመን ገባን። «ሉፍተን» ይሉታል፤ በረዶ እየጣለም ቢሆን ይከፈታል። እኔም እየተንቀጠቀጥኩ እከፍታለሁ።

ሥራ የምታገናኘኝ ሴትዮ ደግሞ አንድ ቀን ደስ ብሏት ጠራችኝ።

«መጠጥ ቤት ውስጥ ሠርተዋል አይደል? አግኝቼልዎታለሁ። ትንሽ የሰፈር መጠጥ ቤት፣ ክናይፐ ናት፤ የሚያጨሱ ሰዎች የሚሄዱባት።»

«ውስጥ ነው የሚያጨሱት? እዚህ አገር የተከለከለ መስሎኝ!»

«ምግብ ቤቶቹ ላይ ተከልክሏል። ትንንሾቹ፣ ምግብ ካላበሰሉ፣ ይፈቀድላቸዋል።»

«የትንሽ ቤት ሠራተኛ ሳንባ ከትልቁ ቤት ይለያል?»

ኮምፒውተሯን ተመለከተች፤ የእውነት ፈልጋ ነው። «ጌታዬ፣ ቅጹ ላይ ሳንባ የሚል ቦታ የለም» አለችኝ።

ገባሁ። ምን ላድርግ? ሰናይት ብቻዋን እስከ መቼ ትጎተት? ይኸው ትሪ ይዤ በጭስ መሀል መመላለስ ከጀመርኩ ዓመት ሞላኝ። ልብሴን በር ላይ አውልቄ ነው ቤት የምገባው። እዚህም ክርክሩ አላለቀም፤ ጨርሶ ይከልከል የሚሉ አሉና ጋዜጣ ላይ በወጣ ቁጥር ደንበኞቹ ይንጫጫሉ። አንድ ቀን አንድ ጡረታ የወጣ መርከበኛ ጠረጴዛ እየመታ «ቢራ ያለ ሲጋራ ቢራ አይደለም!» ሲል የራሴን ድምፅ በጀርመንኛ የሰማሁ መሰለኝ። የመጠጥ ቤቷ ባለቤት፣ ደግ ሴት ናት፣ ወደ እኔ ዞረች።

«አንተስ? ቀኑን ሙሉ እዚህ የምትውለው አንተ ነህ። ቢከለከል ይሻልሃል?»

ሁሉም መልሴን እየጠበቁ አዩኝ። ይሻለኛል፤ ደረቴ እየነደደ እንዴት አይሻለኝም? ግን ቢከለከል ቤቷ ይዘጋል ይላሉ፤ ቤቷ ከተዘጋ እኔ የት እገባለሁ? ትከሻዬን ነቅነቅ አደረግሁና ብርጭቆ ማጠቤን ቀጠልኩ። ቢያንስ እኔን እስከ መጨረሻው ጠብቀውኛል። ለአስካለ ግን ዝም የምትልበትን ጊዜ እንኳን አልሰጠኋትም።

እሷ እኔ በሄድኩ በሳምንቱ መተርኮሻዎቹን አውጥታ ጥላቸዋለች። የሚያጨስ ውጭ ይቁም አለች። ግማሹ ደንበኛ አኩርፎ ቀረ፤ ከወራት በኋላ ከፊሉ ተመለሰ። ምሳ ጀመረች፤ የመሥሪያ ቤት ሴቶች ልጆቻቸውን ይዘው ይመጡላታል አሉ። አይቻልም ብዬ የጮህኩበትን ነገር ያለ አንዳች ንግግር አደረገችው። ይህን የነገሩኝ አው ዩሱፍ ናቸው፤ እሷ አልነገረችኝም።

ባለፈው እሑድ ደወልኩላት። እንደ ሁልጊዜው ስለ ዝናቡ፣ ስለ ሰናይት አወራን። ከዚያ ዓይኔን ጨፍኜ ተናገርኩት።

«እትዬ፣ ያቺ ልጅ ስትጠይቅሽ እኔ ባልመልስልሽ ኖሮ… ይቅርታ አድርጊልኝ። ዕድሜሽን ነው ያጨስኩት።»

ትንፋሿ ይሰማኛል፤ አጭር አጭር ነው።

«ይቅር ብዬሃለሁ» አለች። «ከልቤ ነው። ግን አንድ ነገር ልንገርህ፣ ከሌላ ሰው እንዳትሰማው። ሐኪም ጋራ፣ ተራራው ላይ ያለውን የአባባን ቤት አከራይቼዋለሁ። ዳገቱን መውጣት አቃተኝ። በየሃያ እርምጃው መቀመጥ ሰው ፊት አሳፈረኝ። እዚሁ ታች አንዲት ክፍል ይዣለሁ።»

የተወለድንበት ቤት ነው። እያንዳንዱን የግድግዳ ስንጥቅ አውቀዋለሁ።

«ታዲያ እኔ ስመጣ የት ነው የማርፈው?» አልኳት፤ ድምፄ እንደ ልጅ ሆኖ ወጣብኝ።

«ትመጣለህ እንዴ?»

መልስ ስፈልግ ሳሉ ያዛት። «ቆይ» አለችኝ። ስልኩን አንድ ነገር ላይ አስቀመጠችው። እኔም ጆሮዬ ላይ እንደያዝኩ፣ ሐረር ውስጥ ባለች አይቼ በማላውቃት ክፍል ስትስል እየሰማሁ ቆየሁ።