ኤዶ ሳይመጡ ጾም አይፈታም

እዚህ አገር ወተት የሚሸጠው በካርቶን ነው። ዛሬ ጠዋት ከቅዳሴ ተመልሼ ጾሜን ልፈታ ስከፍተው፣ እንደ ልማዴ አፍንጫዬን አስጠጋሁ። ምንም አይሸትም። የጅጅጋ ወተት ግን ከመቀመሱ በፊት ይሸት ነበር። ሻጮቹ ዕቃውን በእንጨት ጭስ ስለሚያጥኑት፣ ጓዳ ሲቀዳ ሽታው ሳሎን ይደርሳል።

አሥራ ሁለተኛ ክፍል በነበርኩበት ዓመት ገናን ያሳለፍኩት አያቴን እየጠበቅሁ ነው። የመርሳት ሕመም ይዟቸው የእናቴን ስም እንኳ ይዘነጉ ነበር። ጾም ግን አይዘነጉም። የመጨረሻ ገናቸው መሆኑን ማንም አላወቀ። እንግዳ እንዳይበዛባቸው ተራ በተራ እናስገባለን፣ ቴሌቪዥኑንም ቀንሰነዋል። እኔ ፀሐይ በሚያርፍበት ግድግዳ ሥር አብሬያቸው እቀመጣለሁ። የታኅሣሥ ብርድ ጅጅጋ ላይ ይነክሳል፤ አንድ ጋቢ ለሁለት ተከናንበን፣ የአክስቴ ልጆች ግቢው ውስጥ ሲሯሯጡ እያየን እንስቃለን። ደስ ይለኝ ነበር፣ አልዋሽም።

ችግሩ የመጣው ምግብ ሲቀርብ ነው።

"ጾም ነው" አሉ።

"አባባ፣ ተፈታ እኮ! ዛሬ ገና ነው" አለቻቸው እናቴ።

"በስተርጅናዬ ልታስገድፉኝ ነው?" ብለው ፊታቸውን አዞሩ። የጾም ወጥ ብናመጣላቸው ደግሞ "ሰዓቱ መች ደረሰ" አሉን። ከትናንት ጀምሮ እህል አልቀመሱም፤ መድኃኒታቸውም በባዶ ሆድ አይሰጥም።

"ሂጂ፣ ኤዶን ጥሪያቸው" አለችኝ እናቴ።

ኤዶ በሶማሊኛ አክስት ማለት ነው። እኛ ኤዶ የምንላቸው ከቱሊ ጉሌድ በኩል ወተት እያመጡ ለሰፈሩ የሚሸጡትን ሙስሊም ሴት ነበር። ጾም ሲገባ ቤታችንን ያልፉታል፤ የበዓሉ ዕለት ጠዋት ተመልሰው ያንኳኳሉ። እኔ ሳልወለድ ጀምሮ እንዲህ ነው። የዚያን ዕለት ስለዘገዩ በባጃጅ ሄጄ ገበያ አገኘኋቸው። ነገሩን ስነግራቸው፣ የቀረ ዕቃቸውን ለጎረቤት ሻጭ አደራ ብለው፣ አንድ ዕቃ ወተት ይዘው ተከተሉኝ።

"አዴር!" አሉ ከበር፤ አጎቴ ማለታቸው ነው። "ይሄን ሁሉ ቀን ደንበኛዬን ጾም ወሰደብኝ። ዛሬም አልጠጣም አልክ አሉ!"

አባባ ቀና አሉ። "አንቺ መጣሽ?"

"መጣሁ። በጾም ወተት አምጥቼ አውቃለሁ? ወላሂ፣ አንድ ቀን አምጥቼ አውቃለሁ?"

አባባ ወደ እኛ በአገጫቸው እያመለከቱ፣ "እነዚህ ያታልሉኛል። እሷ ግን አትዋሽም" አሉ። እናቴ ሳቋ አምልጧት ወደ ጓዳ ገባች።

ወተቱን ቀድቼ ለአባባ ኩባያውን ሳቀብላቸው አማተቡ። አልጠጡም ግን፤ ፊቴን ትክ ብለው አዩት።

"አንቺ ልጅ፣ የማን ነሽ?"

"የልጅዎ ልጅ ነኝ፣ አባባ።"

"ከንፈርሽ ደርቋል። አልቀመስሽም እንዴ?"

እውነት ነው፣ እሳቸውን ስጠብቅ እኔም አልቀመስኩም ነበር። በዚያ ሁሉ ግርግር ማንም ልብ አላለኝም።

"በይ አንቺ ቅደሚ" ብለው ኩባያውን በሁለት እጃቸው ወደ አፌ አስጠጉት። እጃቸው ስለሚንቀጠቀጥ ወተቱ አገጬ ላይ ፈሰሰ። በአውራ ጣታቸው ጠረጉልኝ። ከዚያ በኋላ ነው እሳቸው የጠጡት።