በንግድ ትርኢቱ ላይ ገዢ ያጣችው ቤዝ

ልብስ ሰፊዋ ለቤዝ ጊታር ልባስ መስፋት የጀመረችው ባሏ አሮጌ ቤዞችን እየገዛና እየጠገነ መሸጥ ከያዘ ወዲህ ነው። በየዓመቱ የሙዚቃ መሣሪያዎች ንግድ ትርኢት ሲከፈት አንድ ጠረጴዛ ይከራዩና እሱ ቤዞቹን፣ እሷ ልባሶቿን ይደረድራሉ።

አንዷ ቤዝ ግን የገዛ ራሱ ነበረች። ክንዱ የሚያርፍባት ቦታ ቀለሟ ተልጦ እንጨቱ ይታያል። ያመጣት የነበረው ሊያሳያት እንጂ ሊሸጣት አልነበረም። አንድ አንጋፋ ተጫዋች በየዓመቱ እየመጣ፣ "ዘንድሮስ ትሸጥልኛለህ?" ሲለው፣ "ለከርሞ" ይለዋል። በዚያው የተጫዋቹ ስም "ለከርሞ" ሆኖ ቀረ።

ዘንድሮ ልብስ ሰፊዋ ብቻዋን ቆመች። ቤዟን ልትሸጣት ቆርጣለች። ቤት ውስጥ ዝም ብላ ተቀምጣ ማየቱ ከብዷታል። ደግሞም ቤዝ ካልተነካ አንገቱ እንደሚጣመም ከባሏ ሰምታለች። የምትሸጣት ግን ለሚጫወትባት ሰው ነው፤ ያም ሰው በልቧ ለከርሞ ነው።

ጠዋት አንድ ክራቫት ያሰረ ሰው ቤዟን አገላብጦ አየና፣ "ቢሮዬ ግድግዳ ላይ ታምራለች" አለ።

"የሚመጣላት ሰው አለ" አለችው። ይምጣ አይምጣ ግን አታውቅም፤ ለከርሞን ከባሏ ቀብር ወዲህ አላየችውም።

ከሰዓት በኋላ ለከርሞ ብቅ አለ። ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ በጠረጴዛዋ ፊት አለፈ። ተመልሶም አለፈ።

"አንተ ሰውዬ፣ ወለሉን ልትገዛው ነው እንዴ?" አለችው።

ባርኔጣውን አውልቆ ቀረበ። "ስፌትሽ ዛሬም አንደኛ ነው፣ እህት ዓለም።"

"ስፌቱን ተወው። ዘንድሮ አትጠይቀኝም?"

"የሟች ዕቃ በምን አፌ ልጠይቅሽ?"

"ጠይቀኝ እያልኩህ።"

ባርኔጣውን በእጁ ሲያዞር ቆየ። "እውነቱን ልንገርሽ፣ ልገዛት አስቤ አላውቅም። ቢሸጥልኝ ኖሮ በድንጋጤ ክው ብዬ እቀር ነበር። ከሱ ጋር መጨቃጨቂያ ሰበቤ ነበረች። እሱ ከሄደ ወዲህ ደግሞ የቤዝ ክር የሚባል ነገር አልነካሁም።"

ልብስ ሰፊዋ ወንበሯ ላይ ቁጭ አለች። ባለ ክራቫቱ ከማዶ ቆሞ ያያታል፤ በዓይኗ ብትጠቅሰው ይመጣል። አልጠቀሰችውም።

"እንግዲያው አልሸጥልህም፤ ንካልኝ ብቻ። እኔ እንደሆነ መወልወል እንጂ መጫወት አላውቅም።"

አነሳት። አዳራሹ ውስጥ ከበሮውም ፒያኖውም ባንዴ ስለሚጮህ የቤዟን ጫፍ መንጋጋው ላይ አስደግፎ ወፍራሙን ክር ነካ፤ ቤዝ ተጫዋቾች በጩኸት መሀል የሚሰሙት እንዲህ፣ በአጥንታቸው ነው። ጣቱ ሳተ። እንደገና ነካ። ከዚያ ዓይኑን ጨፍኖ መጫወቱን ቀጠለ።

"ነይ፣ ስሚ" አላት።

ጎንበስ ብላ ጉንጯን እንጨቱ ላይ አደረገች። ድምፁ ጥርሷ ሥር ገባ። ሁለቱም ቀና አላሉም።

"ውሰዳት" አለች በመጨረሻ። "አልሸጥኩልህም፣ አልሰጠሁህምም። እኔ ቤት ስትመጣ ይዘሃት ትመጣለህ።"

"መቼ ልምጣ?"

"ጣትህ ሲፈታ።"

"እሱማ ብዙ ይቆያል።"

"እንግዲያው ሳይፈታም ና።"

ከልባሶቿ ወፍራሙን መርጣ አለበሰቻትና ዚፑን ራሷ ዘጋች። ለከርሞ ሕፃን እንደታቀፈ ሰው እየተጠነቀቀ በሕዝቡ መሀል ሄደ። በሩ ጋ ሲደርስ ከወንበሯ ተነስታ፣ "በጎን አሳልፋት፣ በጎን!" አለችው። በጎን አሳለፋት።