የወፍጮውን ሞተር ይዤ እስከ ቡሬ

የሞተሩን መዳብ ፈልቅቆ ሸጧል ተብዬ ከጅጋ የማኅበር ወፍጮ ተባረርኩ። አልሸጥኩም። ሞተሩ እያጓራ አልዞር ባለ ማግስት ሊቀመንበሩ አቶ እንየው አንድ ወረቀት ሰጠኝ። ያኔ ፊደል አልቆጠርኩም። «ሙላት፣ የሥራ መልቀቂያ ነው» ሲለኝ አውራ ጣቴን አተምኩ። ለካ ስርቆቱን ያመንኩበት ቃል ኖሯል።

በዚያ ንዴት የጎልማሶች ትምህርት ገባሁ። እጄ የቀረውን ቅጂ ራሴ ካነበብኩ በኋላ ሽማግሌ ፊት ቆሜ «ቆሞ የቀረው ሞተር ይከፈትና ይታይ» አልኩ። ፈቀዱ። ብቻዬን ግን አላመኑኝም፤ ከመካከላቸው አያ ጥሩነህን ጠባቂ አድርገው ላኩብኝ።

ማለዳ፣ ጅጋ

ሞተሩን በፈረስ ጋሪ አስፋልት አደረስነው። የመኪናው ሾፌር ለሞተሩ የአንድ ሰው ሒሳብ ጠየቀ።

«አይበላ አይጠጣ፣ ይኼ ደግሞ ሰው ሆነ?» አሉ አያ ጥሩነህ።

«ከእርስዎ ይከብዳል፣ አባቴ።»

ከፈልን።

ረፋድ፣ ፍኖተ ሰላም

በሚጋፋው ባጃጅና ጋሪ መሃል አልፈን አንድ ሞተር ጠጋኝ ዘንድ ደረስን። ሞተሩን በጣቱ አንኳኳና «ተቃጥሏል፤ ሽቦው እንደ አዲስ ይጠንጠን» አለ።

«ሳትከፍተው?»

«ሥራዬን ልታስተምረኝ ነው?»

ስንወጣ አያ ጥሩነህ «ይኼ ሰው ሊቀመንበር ቢሆን ይዋጣለት ነበር» አሉ። ከእሳቸው የመጀመሪያዋ ደህና ቃል ነበረች።

ከሰዓት፣ ቡሬ

ከማንኩሳ ወዲያ በየደጁ የተሰጣው በርበሬ እያስነጠሰን ቡሬ ገባን። ዓለሙ የሚባል የአዊ ሰው፣ እሱም ሞተር ጠጋኝ፣ ከሚስቱ ጋር በአገውኛ እየተጨዋወተ፣ የሞተሩን ክዳን ፈታ። መዳቡ እንዳለ አለ። የታሰረበት ክር እንኳ አልተነካም። አያ ጥሩነህ አጎንብሰው ክሩን በጣታቸው ዳሰሱት።

«ታዲያ ለምን አልዞር አለ?» አልኩ።

ዓለሙ ከጎኑ ያለችውን ትንሽ ቆርቆሮ አሳየን። «የሞተው ይኼ ካፓሲተር ነው። አንዱ የሽቦ ጥቅል ብቻውን ያጓራል እንጂ አያስነሳም። ካፓሲተሩ ለሁለተኛው ጥቅል የሚሄደውን ኃይል ተራውን ያዛንፈዋል። ሁለት ሴቶች አንድ ሙቀጫ ተቀባብለው ሲወቅጡ አላያችሁም? እንደዚያ።»

ዘንጉ ላይ ገመድ ጠመጠመ፤ መብራት ለቀቀና ሳበው። ሞተሩ ዞረ! አጥፍቶ በግራ ሳበው፤ በግራ ዞረ። ከዚያ አዲስ ካፓሲተር ለቅጽበት ከመብራት አስነክቶ አነሳውና ሁለቱን ጫፍ በካቻቢቴ አገናኘ። ጣጥ! አለ።

አያ ጥሩነህ ወደ ኋላ ዘለው ወደ እኔ እያመለከቱ «ይኼማ የኛው ሙላት ነው! ዝም ብሎ ይይዛል፣ ይይዛል፣ ኋላ ጣጥ!» አሉና ሳቁብኝ።

ጠረጴዛው ላይ የተፈታ ትራንስፎርመር አየሁ። ሁለት ጥቅል ሽቦ አንድ ብረት ላይ ተቀምጠዋል፤ አይነካኩም።

«እንዴት ይተላለፋል?»

«አንዱ ብረቱን ማግኔት ያደርገዋል። ማግኔቱ ሲገለባበጥ በሌላው ላይ ኃይል ይነሳል። የሁለተኛው ጥቅል ዙር ካነሰ ኃይሉ ይበርዳል። ከጢስ ዓባይ ገኖ የሚመጣው በየሰፈሩ ምሰሶ ላይ እንዲህ በርዶ ነው ቤታችሁ የሚገባ።»

ሳይነካካ ከቤት ቤት የሚደርስ ሐሜት ብቻ ይመስለኝ ነበር።

«ካፓሲተሩን ምን ገደለው?» አሉ አያ ጥሩነህ።

«በቀን ስንት ጊዜ ታስነሱት ነበር?»

«እንየው መብራት እንቆጥብ ብሎ በየሰዉ እህል መሃል አጥፋ ይለኝ ነበር» አልኩ። «በገበያ ቀን መቶ ጊዜም አስነስቻለሁ።»

«እሱ ነዋ! ሥራው ማስነሳት ነው፤ ማረፊያ ካጣ ይግላል፣ ይሞታል።»

አያ ጥሩነህ ባርኔጣቸውን አወለቁ። «ያን ትእዛዝ ስብሰባ ላይ ሲያነቡልን እኔም አጨብጭቤያለሁ» አሉ።

መመለሻ፣ ጅጋ

አዲሱን ካፓሲተር ገጥመን ሕዝብ ፊት አስነሳነው። እንየው «ሰይጣኑ ለቆት ነው» አለ። የሳቀለት የለም። የሚያጓራ ሁሉ እንዳልተቃጠለ ከዚህ መንገድ ተምሬያለሁ። ክዳን ሳይፈቱ የሚፈርዱ ግን ዛሬም አሉ።

ሽማግሌዎቹ የእርቅ ወረቀት አጻፉና የጣት ቀለም አቀረቡልኝ። ቀለሙን ገፋሁት። እያስጠበቅኳቸው ከላይ እስከ ታች ጮክ ብዬ አነበብኩ። «ይቅር ተብሎለታል» የሚል አገኘሁ።

«ይኼ ይሰረዝ። ያልበደለ ይቅር አይባልም።»

«ሰርዙለት» አሉ አያ ጥሩነህ።

ተሰረዘ። እስክሪብቶ ተቀብዬ ስሜን በፊደል ጻፍኩ፤ ከስሜ ሥር ቀኑን፦ ታኅሣሥ 12 ቀን 1999 ዓ.ም.።