በድንገት አልመጣልኝም፦ የወርቃ ጉዞ

ዓርብ፣ ከጠዋቱ 12 ሰዓት፣ ዲላ መናኸሪያ

ጭጋጉ ሳይገፈፍ የገደብ ሚኒባስ ውስጥ ገብቼ መስኮት ዳር ተቀምጫለሁ። እኔና ባልደረቦቼ እዚሁ ዲላ ያዘጋጀነው የፎቶ ዐውደ ርእይ ነገ ይከፈታል። ትልቁ ፎቶ የእኔ ነው፤ የቡና ማድረቂያ አልጋ ሥር በጀርባዬ ተኝቼ፣ ከላይ ቡና የምትለቅም ሴት በሽቦው ወንፊት በኩል ያነሳሁት። ባለፈው ሳምንት የሬዲዮ ጋዜጠኛ ሐሳቡ ከየት እንደመጣ ሲጠይቀኝ፣ "በድንገት መጣልኝ" አልኩ። ውሸት ነው። ከዓመታት በፊት ገደብ ከተማ፣ ጋሽ ጅግሶ ፎቶ ቤት ግድግዳ ላይ፣ እሳቸው እንዲሁ ከሥር ያነሱትን ፎቶ አይቼ ነው የወሰድኩት። አሁን ፎቶ ቤታቸውን ዘግተው ገደብ አጠገብ ወርቃ በሚባል ገጠር ቡናቸውን እየተንከባከቡ ይኖራሉ።

2 ሰዓት፣ ይርጋጨፌ

ለቁርስ ቆምን። ሰው ፉል በትኩስ ዳቦ ይበላል፤ እኔ ሻይ ብቻ ያዝኩ። ሾፌሩ ቡና ልገዛ እየሄድኩ እንደሆነ ጠየቀኝ። ይቅርታ ልጠይቅ ነው ስለው ከዳቦው ቆርሶ ሰጠኝ።

5 ሰዓት፣ ወርቃ

ከገደብ በሞተር። ኮረኮንች፣ ቀይ ጭቃ፣ ግራና ቀኝ እንሰትና ቡና። ጋሽ ጅግሶ ያረጀ ቡና እንደገና እንዲያቆጠቁጥ ግንዱን ሲጎነድሉ አገኘኋቸው። ገና ሰላምታ ሳንጨርስ፣ "ሬዲዮኑን ሰምቻለሁ" አሉኝ።

የማን ሐሳብ እንደሆነ እያወቅኩ ዝም እንዳልኩ፣ አፍሬም እንደመጣሁ ነገርኳቸው። ፎቶውን በስልኬ አሳየኋቸው። መነጽራቸውን አድርገው ብዙ ቆዩበት።

"ተኝቶ ወደ ላይ ማየቱ የእኔ ነው" አሉ በመጨረሻ። "እኔ ግን የለቃሚዋን እጅ ብቻ ነው ያነሳሁት። ዝቅ ብላ የምታይበትን ዓይን ያገኘሽው አንቺ ነሽ። እንዲሁ ብለሽ ንገሪያቸው።"

"ነገ ሰው ሁሉ በተሰበሰበበት እናገራለሁ፣ ጋሼ።"

በእሺታ ራሳቸውን ነቀነቁና ወደ ቤት አስገቡኝ። ባለቤታቸው ቆጮ በጎመን አቀረቡልን። ስነሳ ጋሽ ጅግሶ አሮጌውን ፎቶ ከነፍሬሙ በጋዜጣ ጠቅልለው ሰጡኝ፤ ከእኔው ጎን እንድሰቅለው።

10 ሰዓት፣ መልስ

ሚኒባሱ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጠች ነርስ መንገድ ላይ በተቀደደው ጋዜጣ በኩል ፎቶውን አይታ፣ እኔ አንስቼው እንደሆነ ጠየቀችኝ።

"ያነሱት የወርቃው ጋሽ ጅግሶ ናቸው" አልኳት። "እኔ ከእሳቸው ነው የተማርኩት።"

አፌ አልተያዘም። እስከምትወርድበት እስከ ወናጎ ስለ እሳቸው አወራኋት።

ምሽት 1 ሰዓት፣ ዲላ

ወደ ቤት አልሄድኩም። የዐውደ ርእዩን አዳራሽ አስከፍቼ ሁለተኛ ምስማር መታሁና የጋሽ ጅግሶን ፎቶ ከእኔው እኩል ሰቀልኩት።