የበያጁ ብርቱካን

ታኅሣሥ ዘጠኝ ቀን ነበር። ወይስ ኅዳር ሳይወጣ? ዓመቱን እርግጠኛ ነኝ፤ ቀኑን ግን አንዴ እንዲህ፣ አንዴ እንዲያ እያልኩ ለራሴም አልታመን ብያለሁ። ውርጩ ብቻ አይጠፋኝም። ጠዋት ደጅ ስወጣ የባልዲው ውሃ ጠጥሮ ነበር፤ ከአጥሩ ወዲያ ጎረቤታችን በያጁ ቆርቆሮ በመዶሻ ይቀጠቅጣል።

ሰፈሩ «ብልጭታ» ይለዋል፤ ለሥራውም ለቁጣውም። ጓሮው ውስጥ ኮክ፣ አቮካዶና አንድ ትልቅ ብርቱካን ነበሩት። ብርቱካኑ የአባቱ ነው፤ እሾሃም የሎሚ ጉቶ ላይ የጣፋጭ ብርቱካን ቀንበጥ ያዳቀለው እሱ ነበር። ሲሞት ለሁለት ልጆቹ ቃል ትቷል፤ ብርቱካኑ በሕይወት እስካለ ግቢው አይከፈልም። ታላቅየው የጭነት መኪና ሹፌር ነው፤ ድርሻውን አጥሮ ቤት ሊሠራበት ከቋመጠ ቆይቷል። ግቢው ከተከፈለ ደግሞ የብልጭታ ብየዳ ቤት የሚወድቀው በሹፌሩ ድርሻ ላይ ነው። ሹፌሩ በመጣ ቁጥር ዛፉን ቀና ብሎ እያየ፣ «አሁንም አልሞትክም?» ይለው ነበር። ቀልድ ነበር፤ ኋላ ላይ የሚስቅለት ጠፋ።

የዚያን ዓመት አየሩ አበደ። ቀን የሚያነድ ፀሐይ፣ ንጋት ላይ ውርጭ። ኮኩ ተታሎ ያለጊዜው አበበና አበባው ባንድ ንጋት ጠቆረ። የአቮካዶው ቅጠል በፈላ ውሃ የተነከረ መስሎ ተንጠለጠለ። ሰው ሁሉ ተክሉን በጆንያ ሲጠቀልል ብልጭታ ጆንያ ናቀ። ዕድሜውን ሙሉ ያመነው ብረትን ነው። ለብርቱካኑ ከላሜራ ሙሉ ቤት ሠራለት፤ ግድግዳ፣ ጣሪያ፣ ማጠፊያ ያለው በር ሳይቀር። ሚስቱ፣ እኔን እንዲህ ያለ ቤት መቼ አስገባኝ ብላ አሳቀችን።

ብረቱ ግን ብርዱን ጠጥቶ አደረ። የነካው ቅጠል ሁሉ ከላሜራው ጋር ተጣብቆ ነጋ። በማግስቱ ከሰዓት በረዶ ያዘለ ነፋስ መጣና ጣሪያውን ገነጠለው። የተገነጠለው ላሜራ እየተወናጨፈ ቅርንጫፎቹን መተረ፣ የኮኩን ግንድ ሰነጠቀ፣ አጥራችንን ጥሶ ያንዲት ዶሯችንን አንገት ቀላ። በረዶው ሲያባራ ጓሮው ተደብድቦ የተጣለ ሰው ይመስል ነበር።

ሹፌሩ መጥረቢያ ይዞ መጣ። አንድ የጠቆረ ቅርንጫፍ ይዞ ቀጭ አደረገው። ብልጭታ ተንበርክኮ ከመሬት ስንዝር ያህል ከፍ ብሎ ልጡን በጥፍሩ ፋቀ። አረንጓዴ ነበር።

«ወንድም ጋሼ፣ ነፍስ አለው። ሙቀቱ እስኪመለስ ጠብቀኝ።»

«ስጠብቅ አይደል እንዴ ያረጀሁት» አለና ሰነዘረ። መጥረቢያው ግንዱ ውስጥ ተቀረቀረ። ብልጭታ አንገቱን አነቀው፤ ሹፌሩ በግንባሩ አፍንጫውን ሰበረው፤ ብልጭታ ከመሬት ያነሳውን መዶሻ ወንድሙ እጅ ላይ አሳረፈ። የአጥንቱ ድምፅ አጥር ተሻግሮ ተሰማኝ። ለመገላገል ስንደርስ ደማቸው ተቀላቅሎ የማን እንደሆነ አይለይም። የሹፌሩ ቀኝ እጅ ከዚያ ወዲህ መሪ አልጨበጠም።

ሙቀቱ ተመለሰ። ከግንዱ ሥር ቀንበጥ ፈነዳ፤ ሰፈሩ እንኳን ደስ አለህ አለው። ሹፌሩም ሰምቶ ግቢ ይከፈል ማለቱን ተወ፤ ያባት ቃል ነው። ብልጭታ ግን ቀንበጡ ባደገ ቁጥር ፊቱ ይጠቁራል። አንድ ቀን ጠራኝና እሾሁን አሳየኝ። ይሄ ከመጋጠሚያው በታች፣ ከሎሚው ጉቶ የወጣ ነው አለኝ፤ አባቱ ያዳቀለው፣ ከላይ ያለው ብርቱካን ሞቷል። ይህን ሌላ ያወቀ አልነበረም። ዝም ቢል ግቢው ሳይከፈል ዕድሜ ልኩን ይኖርበት ነበር።

ወንድሙን አስጠርቶ እኛ እያየን ዛፉን በመጥረቢያ ከሥሩ ጣለው፤ ሲመታው ከወንድሙ ጋር ተናንቆ ለያዥ ለገናዥ እንዳስቸገረበት ቀን ሆኖ ነበር።

«ወንድም ጋሼ፣ ያኔም ሞቶ ነበር። የገደልኩት እኔ ነኝ፣ በብረቴ።»

ሹፌሩ በደህናው እጁ በጥፊ አጮለው። ብልጭታ አልመከተም።

ያን ጊዜ በጥፍሩ የፋቀውም ከመጋጠሚያው በታች ነበር። አውቆ ነው ወይስ ተስፋ አሳውሮት? በማግስቱ ልጠይቀው ስሻገር ሹፌሩ ብቻውን ነው፤ የገመድ ጫፍ በጥርሱ ነክሶ መሬቱን ለመለካት ይታገላል። ወንድሙ የት ሄደ አልኩት። ማለዳ የብየዳ ማሽኑን ጋሪ ላይ ጭኖ፣ ሚስቱን አስከትሎ የሄደበትን መንገድ በአገጩ አመለከተኝ።