ቁጥራቸው እስኪሞላ

ልጄ መታመሟን የሰማሁት ከተቀበረች በኋላ ነው። ይህን ዐረፍተ ነገር ሳልጽፈው ብዙ ዓመት ቆይቻለሁ። አሁን የምጽፈው ዝም ያሰኙኝ ሰዎች ስላረጁ ነው። እኔም አርጅቻለሁ፤ ከእንግዲህ የምፈራው የባል ዘመድ የለም።

የተወለድኩት ደሴ ነው። መቀሌ የመጣሁት አማርኛ ላስተምር ነበር፤ እዚያው አገባሁ፣ ሰሜን በሚባለው ሰፈር ቤት ሠራን፣ አንድ ልጅ ወለድን። የባሌ ቤተሰቦች ጨካኞች ነበሩ አልልም። ነገር ግን እኔን የሚመለከት ጉዳይ መጀመሪያ ለእኔ የሚነግረኝ ሰው በዚያ ቤት አልነበረም። ጉዳዩ ከእህቱ ወደ ወንድሙ፣ ከወንድሙ ወደ አጎቱ ሲዞር ይከርምና ሁሉም ከተስማሙ በኋላ አንድ ቀን ተሰብስበው ይመጣሉ። ለግቢው አጥር እንደዚያ ነበር፤ ለልጄ ክርስትናም እንደዚያ ነበር።

ልጄ ባዮሎጂ ተምራ ለሁለተኛ ዲግሪ አዲስ አበባ ገባች። የምታጠናው ባክቴሪያዎች ሰው የሚያሳምሙበትን ዘረ-መል መቼ እንደሚያበሩና መቼ እንደሚያጠፉ ነበር። ለመጨረሻ ጊዜ ቤት በመጣችበት ክረምት፣ ምስር እየለቀምን ሳለ ጠየቅኳት።

"ታዲያ ሁልጊዜ መርዘኞች አይደሉም እንዴ?"

"አይደሉም እማ። መርዝ መሥራት ጉልበት ይጨርሳል። ጥቂት ሆነው ቢጀምሩት ደግሞ ሰውነታችን ይነቃባቸውና ይፈጃቸዋል። ስለዚህ አንዳንዶቹ ዘረ-መሉን ይዘው ዝም ይላሉ።"

"እስከ መቼ?"

"እስኪበዙ። እያንዳንዷ ትንሽ ትንሽ ኬሚካል ወደ ውጭ ትለቃለች። ጥቂት ሲሆኑ ኬሚካሉ ተበትኖ ይቀራል። ሲበዙ ይጠራቀምና ዘረ-መሉን የሚያበራውን ፕሮቲን ይቀሰቅሰዋል። ያኔ ሁሉም ባንድ ጊዜ መርዙን ማምረት ይጀምራሉ።" ከምስሩ ጠጠር አንሥታ ወረወረችና ሳቀች። "ልክ እንደነ አሞይ።"

አሞይ የምትለው በትግርኛ የአባቷን እህት ነው።

"ይመካከራሉ በይኛ" አልኳት።

"ኧረ አይመካከሩም! ሐሳብ የላቸውም እኮ። ኬሚካሉ ነው የሚሞላው። እንዲህ ማለቴን ግን እንዳትነግሪያት፤ ቆዳዬን ነው የምትገፍፈኝ።"

አልነገርኳትም። ያቺ ሴት ዛሬም አታውቀውም፤ ይህን ካነበበች ትወቀው።

ታኅሣሥ ላይ ባሌ ለመሥሪያ ቤት ስብሰባ ነው ብሎ አዲስ አበባ ሄደ። በማግስቱ እህቱ ቦርሳዋን ይዛ እኔ ጋ መጣች። "ብቻሽን ምን ትሠሪያለሽ" አለችኝ። ልጄ ስልክ አታነሣም ነበር። ባሌን ብጠይቀው "ፈተና ላይ ናት፣ ዘግታው ነው" አለኝ። ድምፁ ጎርንኖ ነበር፤ ብርድ መትቶኛል አለ። አመንኩት።

ከዚያ በኋላ ያየሁትን ሁሉ አሁን ነው የምገጣጥመው። መምህራን ማረፊያ ስገባ ጨዋታው ይቋረጥ ነበር። ርእሰ መምህሩ፣ አንድ ቀን ፈቃድ ለመስጠት የሚያንገራግር ሰው፣ ሳልጠይቀው "ትንሽ ዕረፍት ብትወስጂስ" አለኝ። የሰፈራችን ባለሱቅ ዘወትር በአማርኛዬ ሲቀልድ ኖሮ መቀለዱን ተወ።

አንድ ከሰዓት ለልጄ ሹራብ ልግዛ ብዬ ወደ ሮማናት አደባባይ ወጣሁ፤ የአዲስ አበባ የታኅሣሥ ብርድ አጥንት ይገባል። የባሌ እህት አብራኝ መጣች። ቀዩንና ሰማያዊውን ይዤ ጠየቅኳት።

"የትኛው ይሆናታል?"

አላመነታችም። "ሰማያዊው ይሻላል" አለች፤ "ቆሻሻ ይችላል።"

ያን ጊዜ ልጄ እዚያው አዲስ አበባ ተቀብራ ነበር።

በነጋታው ጎሕ ሲቀድ በሩ ተንኳኳ። የባሌ እህት ለብሳ ተዘጋጅታ ነበር፤ ራሷ ከፈተችላቸው። ግቢው ሞልቷል። ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ከፊት ቄሱ፣ ከኋላ ከገጠር የመጡ ሽማግሌዎች፣ ርእሰ መምህሩ፣ ባለሱቁ። ጎረቤት ቤት ተሰብስበው ሰው እስኪሟላ ሲጠብቁ ነው ያደሩት። መርዶን አንድ ሰው ብቻውን አይናገርም፣ በብዙ ሰው ነው የሚነገረው። ወጉን አውቀዋለሁ፤ እኔም ለሌሎች በር ላይ እንዲያ ቆሜ አውቃለሁ። ነገር ግን እኔ የቆምኩት ሞት ካለፈ በኋላ ነው። እነርሱ ዝም ያሉት ልጄ በሕይወት ሳለች ነው።

በሳንባዋ የገባ ባክቴሪያ ወደ ደሟ አልፎ ነበር አሉኝ። ሐኪሞቹ ተስፋ ሳይቆርጡ፣ እርሷም አፏ ሳይዘጋ፣ መድረስ የምችልባቸው ቀናት ነበሩ። አውሮፕላን በየቀኑ ይነሣል።

ዕውነቱን የነገረችኝ የባሌ እህት ናት፤ ሳታስበው። በአርባዋ ዕለት እንግዳው ሲበተን አጠገቤ ተቀምጣ እጄን ያዘች።

"ኣጆኺ ሓፍተይ፤ አይዞሽ እህቴ። እስከ መጨረሻዋ ያንቺን ስም እንደጠራች ነው፤ ወንድሜ በስልክ ይነግረኝ ነበር።"

"ምን ብላ?"

"እናቴ የት ናት እያለች።"

"ምን አላችኋት?"

"መንገድ ላይ ናት አልናት። ደስ ይበላት ብለን።"

"አንድ ጊዜ ነው የጠየቀችው?"

የነጠላዋን ጫፍ ጠቀለለች። ከዚያ "በነቃች ቁጥር" አለች። "ላንቺ ብለን ነው እኮ፤ ደም ግፊትሽን እያወቅን! አንቺንም እንቅበር?"

እጄን አስለቀቅኩ።

ባክቴሪያዎቹን አልጠላም። ልጄ እንዳለችው ሐሳብ የላቸውም፤ ሲበዙ የሚሠሩትን ይሠራሉ። እነዚህ ግን ሐሳብ ነበራቸው። ሌላው ቢቀር ባለሱቁ፣ ዳቦ ሲሰጠኝ ዝቅ ብሎ "ሂጂ" ቢለኝ ይበቃኝ ነበር። አንድ ሰው ይበቃኝ ነበር።

አርባዋ ካለፈ በኋላ ለማንም ሳልናገር፣ ሹራቡን ይዤ፣ አውቶቡስ ተሳፈርኩ። በአውሮፕላን መሄድ አልፈለግሁም። ልጄ መንገዱን ታውቀዋለች፤ በተኛችበት ሆና "አሁን ማይጨው ደርሳለች፣ አሁን አላማጣ፣ አሁን ወልድያ" እያለች ከከተማ ከተማ ሳትከተለኝ አልቀረችም። በእያንዳንዱ ከተማ በመስኮት አየሁ። ደሴ አደርን፤ እኅቶቼ ቤት አልሄድኩም።

በማግስቱ አዲስ አበባ ልንገባ ስንል አጠገቤ የተቀመጠች ነጋዴ ዕቃዋን ማሰናዳት ጀመረች።

"እትዬ፣ የሚቀበልዎት ሰው አለ?"

"ልጄ አለች።"

"እንግዲያ ይደውሉላት እንጂ፣ ደረስን እኮ።"

"ታውቃለች" አልኳት። "መንገድ ላይ መሆኔን ነግረዋታል።"